ባለ 11 ሊትሯ ኬዝ ከ9 ወር በኋላ

ይህችን የኮምፒውተር ኬዝ፣ ማለትም ዕቃዎቹ ሁሉ የሚገጠሙባትን ሳጥን፣ ጠረጴዛዬ ላይ ካስቀመጥኳት 9 ወር ሞላ። አንድም ቀን አላረፈችም። ቀን የሥራ ኮምፒውተሬ ናት፣ ማታ ጌም እጫወትባታለሁ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ረጅም ቪዲዮ አቀናብርባታለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ጽፌ ቢሆን ኖሮ ሙገሳ ብቻ ታነቡ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ብጽፍ ደግሞ ምሬት ብቻ። አሁን ግን በደንብ ተዋውቀናል።

ርዝመቷ 33 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታዋ 22፣ ወርዷ 15 ነው። ሲባዛ ወደ 11 ሊትር ይመጣል። ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው ትንሹ ልክ ነው፣ 17 በ17 ሳንቲ ሜትር። የውስጥ አደረጃጀቷ ሳንድዊች የሚሉት ዓይነት ነው፤ መሀል ላይ የብረት ግድግዳ አለ፣ ማዘርቦርዱ በአንዱ በኩል ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ በሌላው በኩል ጀርባ ለጀርባ ይቆማሉ፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ራይዘር የሚባል ጠፍጣፋ ኬብል ነው።

ስመርጥ ዓይኔን የጣልኩት ሊትሩ ላይ ነበር። 9 ሊትር፣ 10 ሊትር፣ 11 ሊትር እያልኩ ሳወዳድር ከረምኩ። ትልቁ ስህተቴ ይህ ነው። ሊትር ጠረጴዛ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደምትይዝ ይነግራችኋል እንጂ ውስጧ እንዴት እንደተከፋፈለ አይነግራችሁም። እኩል ሊትር ያላቸው ሁለት ኬዞች አንዱ ለሲፒዩ ኩለር (ዋናውን ቺፕ ለሚያቀዘቅዘው) 48 ሚሊ ሜትር ብቻ ትቶ ሦስት ስሎት የሚይዝ ወፍራም ግራፊክስ ካርድ ሊቀበል ይችላል፣ ሌላው ደግሞ 70 ሚሊ ሜትር ኩለር አስገብቶ ከሁለት ስሎት በላይ እምቢ ይላል። አንድ ስሎት ወደ 20 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መሀል ግድግዳቸው ወዲህ ወዲያ የሚንቀሳቀስ ኬዞችም አሉ። የኔዋ አይንቀሳቀስም፦ ለኩለር 60፣ ለካርድ 61 ሚሊ ሜትር፣ አለቀ።

ኩለሬ 58 ሚሊ ሜትር ነበር። 60 ለተፈቀደበት 58፣ ምን ችግር አለው ብዬ ገዛሁት። መጀመሪያ ራሙ፣ የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ አላስገባ አለ። ከድሮው ኮምፒውተሬ የመጣው ራም አናቱ ላይ የብረት ማስዋቢያ ስላለው 44 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ኩለሩ ደግሞ በራሙ ላይ ተዘርግቶ የሚያልፍ ነው፤ ስለዚህ አጭር ራም መግዛት ግድ ሆነ። ከዚያ ክዳኑን ስገጥመው ግጥም አለ፣ ደስ አለኝ። ሲፒዩው ሥራ ሲበዛበት ግን ቀጭን ፉጨት ይሰማ ጀመር። ፋኑና የክዳኑ ወንፊት መሀል የቀረው ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ አየሩ በቀዳዳዎቹ እየተሰነጠቀ ሲገባ ያፏጫል። ሁለት ወር ሙሉ ከዚያ ድምፅ ጋር ኖርኩ።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ኩለሩን ሳልቀይር 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ፋን አውርጄ በ15 ሚሊ ሜትሩ ቀጭን ፋን ተካሁት። ከዚያ በተፈጠረው 12 ሚሊ ሜትር ክፍተት ዙሪያውን ስፖንጅ ቆርጬ ለጠፍኩ፣ ፋኑ የውስጡን የሞቀ አየር መልሶ እንዳይስብና ከውጭ ብቻ እንዲወስድ። ፉጨቱ ጭጭ አለ። ቪዲዮ ስሠራ 86 ዲግሪ ይደርስ የነበረው ሲፒዩ አሁን ከ79 አያልፍም። በቁራጭ ስፖንጅ ይህን ያህል ለውጥ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ስለ ፓወር ሰፕላይ፣ ለሁሉም ኤሌክትሪክ ስለሚያከፋፍለው ዕቃ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኤስኤፍኤክስ የሚባለው 10 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ኤስኤፍኤክስ-ኤል ደግሞ 13። ኬዟ ሁለቱንም ትቀበላለች ተብሎ ተጽፏል፣ እውነትም ትቀበላለች። ነገር ግን ያቺ 3 ሳንቲ ሜትር ኬብሎቹ የሚታጠፉባት ብቸኛ ቦታ ናት። እኔ ረጅሙን ገዛሁ። ባለ 24 ፒኑን ወፍራም ኬብል አጥፌ፣ ተጭኜ፣ በማሰሪያ አስሬ ክዳኑን ስዘጋ መሀሉ እንደ ሆድ ይነፋል፤ በጣቴ ስጫነው ይገባል፣ ስለቀው ይመለሳል። ለወራት አንዱ ጥግ በትክክል ሳይገጥም ቆየ። በአጭሩ ስቀይረው ኬብሎቹ መፈናፈኛ አገኙ፣ ክዳኑም ያለ ግፊት ገጠመ። ስለዚህ ይገባል ማለትና ይመቻል ማለት ለየቅል ናቸው። የሲፒዩውን ባለ 8 ፒን ኬብል ደግሞ ማዘርቦርዱ በብሎን ከመታሰሩ በፊት ሰኩት፣ በኋላ ጣት አይደርስም።

ራይዘሩም አንድ ቀን አስጨንቆኛል። ማዘርቦርዱና ካርዱ የሚነጋገሩበት መስመር ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0 ነው፣ ከኬዟ ጋር የመጣው ራይዘር ግን የቀድሞው፣ የ3.0 ነው። ማዘርቦርዱ በራሱ ፍጥነቱን ሊወስን ሲሞክር ስክሪኑ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ይመጣል፣ ጌም መሀል እንደገና ይጠፋል። ካርዱ ተበላሸ ብዬ ልመልሰው ነበር። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ገብቼ የካርዱን መሰኪያ ጄን 3፣ ማለትም 3.0፣ ላይ ሳስተካክለው እስካሁን አንዴም አልጠፋም፣ ጌም ላይም የቀነሰ ነገር አላስተዋልኩም። ያዳነኝ ሲፒዩው የራሱ ግራፊክስ ያለው መሆኑ ነው፤ ስክሪኑን ከማዘርቦርዱ ጋር አገናኝቼ ነው ባዮስ የገባሁት። ትንሽ ኬዝ ለምትሠሩ ሰዎች ያለ ግራፊክስ የሚመጣ ሲፒዩ አልመክርም።

ግራፊክስ ካርዱ በኩል ግን አንጀቴን አርሳዋለች። የካርዱ ፋኖች ቀጥታ ወንፊቱ ላይ ስለተደገፉ ንጹህ አየር ነው የሚስቡት፣ ጌም ላይ 72 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። የቮልቴጁን መጠን ትንሽ ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ እንዲህ ጠባብ ቦታ ውስጥ የማይባክን እያንዳንዱ ዋት ይሰማል። አቧራ ግን ያንኑ መንገድ ተከትሎ ይገባል። በሦስተኛው ወር ክዳኑን ስከፍት ወንፊቱ ላይ ግራጫ ጨርቅ የተለጠፈ መሰለኝ፣ ሳነሳው እንደ ሱፍ ተጠቅልሎ ወጣ። አሁን በየአምስት ሳምንቱ በብሩሽ አጸዳዋለሁ። ክዳኖቹ ያለ ካቻቢቴ፣ በመሳብ ብቻ ስለሚከፈቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላውን ቶሎ ልበለው። ቀለሟ አልተላጠም። የፊት ለፊቱ ዩኤስቢ አንድ ብቻ መሆኑ ያናድዳል። ሁሉንም ይዛ 7 ኪሎ ገደማ ናት፣ ጀርባ ላይ በሚታዘል ቦርሳ ሁለት ጊዜ ይዣት ሄጃለሁ፣ ምንም አልሆነችም።

ድጋሚ ብገዛ ይህችኑ እገዛለሁ፣ ግን ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። መጀመሪያ ካርዱንና ኩለሩን መርጬ፣ የካርዱን ርዝመትና ውፍረት፣ የኩለሩን ከፍታ ከነፋኑ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ፋኑ ከወንፊቱ እንዲርቅ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ጨምሬ፣ ከዚያ ነው ኬዝ የምፈልገው። ቀጣዩን ካርድ አሁን ማየት ጀምሬያለሁ፤ የወደድኩት ውፍረቱ 64 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዘልዬዋለሁ።