ለዋንዛ ወንበር ሠሪያችን ምስጋና፣ ወንበር ለምታሠሩም ጥቆማ

ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ያለፋቸው ስድስት ባለ ክንድ ወንበሮች ናቸው። አንዱም አልተንገዳገደ፣ አንዱም ሲቀመጡበት አልጮኸ። ምስጋናውን እስካሁን ያዘገየነው ሆን ብለን ነው፤ በተረከቡት ቀን የማያምር ወንበር የለም። ፈተናው ታኅሣሥና ጥር ላይ ይመጣል። በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያበጠ እንጨት በበጋው ደረቅ አየር ሲኮማተር፣ ደካማ መጋጠሚያ የሚላቀቀው ያኔ ነው።

ሠሪው አዲስ አበባ ውስጥ በመኖሪያ ቤታቸው ጓሮ፣ ቆርቆሮ በለበሰች አንዲት ክፍል የሚሠሩ አናጢ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ እኛም በዚሁ እንለፈው። ማሳያ ሱቅ የላቸውም፣ ፎቶም አይለጥፉም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! «ጎበዝ ናቸው» ብቻ ብሎ መጠቆም ግን ለማንም ስለማይጠቅም፣ ጉብዝናቸው የቱ ላይ እንደሆነ እንናገር።

የሚሠሩት በዋንዛ ነው። ዋንዛ ለመሮም ለመላጊያም ይታዘዛል፣ ለወንበርም አይከብድም። ችግሩ፣ «ደረቅ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ላዩ ብቻ የደረቀ መሆኑ ነው። በአየር ለሚደርቅ ጣውላ የቆየው ልማድ ለ2.5 ሴንቲ ውፍረት አንድ ዓመት ያህል መጠበቅ ነው፤ እግር የሚወጣለት 5 ሴንቲ ጣውላማ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ጋሼ ጣውላውን ጥላ ውስጥ፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ ይደረድሩታል። ጫፍና ጫፉን ቀለም ይቀቡታል፤ እንጨት በጫፉ በኩል ቶሎ ስለሚደርቅ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከክምሩ አንዱን ጣውላ እያወጡ በየጊዜው ይመዝኑታል። ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ መጋዝ አያነሡም። ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ነጣ ያለ ክፍል ደግሞ ቆርጠው ይጥሉታል፤ ነቀዝ የሚወደው እሱን ነውና። ብክነት አለው፣ ዋጋቸው ወደድ ከሚልባቸው ምክንያቶችም አንዱ ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ ዋንዛ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ተከልክሎ ነበር። እንጨቱ ከየት እንደመጣ፣ ወረቀት እንዳለው አናጢን መጠየቅ ነውር አይደለም። ጋሼ ሳይጠየቁ ያሳያሉ።

ወንበርን ወንበር የሚያደርገው መጋጠሚያው ነው። በየቦታው የሚሸጠውን ሶፋ ጨርቁን ብትገልጡት ብዙ ጊዜ የምታገኙት አጠና፣ ቺፑድና ምስማር ነው። ምስማር እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ቀዳዳውን እያሰፋ ይለቃል። ጋሼ ወንዴና ሴቴ ነው የሚገጥሙት፤ የአንዱ እንጨት ጫፍ ቀጥኖ (ወንዴው) በሌላው ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ (ሴቴው) ውስጥ ይገባል። 2.5 ሴንቲ ለሚወፍር አግዳሚ፣ ማለትም እግርን ከእግር ለሚያገናኘው አግድም እንጨት፣ የወንዴው ውፍረት ሲሶው፣ 8 ሚሊ ገደማ ነው። ርዝመቱ 3.5 ሴንቲ ይሆናል። የሴቴው ጥልቀት ከዚያ በ2 ሚሊ ይበልጣል፤ ትርፉ ኮላ የሚጠራቀምበት ቦታ ካላገኘ መጋጠሚያው እስከ መጨረሻው አይገባም። ልኩ በእጅ ሲገፋ የሚገባ፣ ሲገለብጡት ግን የማይወድቅ ነው። ከላላ ኮላው ክፍተቱን አይሞላም። ከጠበቀ ደግሞ በመዶሻ ሲገባ ኮላውን ጠርጎ ያስወጣዋል፣ እግሩንም ሊሰነጥቅ ይችላል።

ሁለት ቦታ ላይ ከሌላው የበለጠ ይጠነቀቃሉ። አንደኛው የጎን አግዳሚው ከኋላ እግር ጋር የሚገናኝበት ነው። ሰው ወደ ኋላ በተደገፈ ቁጥር መጋጠሚያውን ይፈለቅቀዋል፤ ስለዚህ አግዳሚውን ቢያንስ 7 ሴንቲ ስፋት ይሰጡታል፣ በውስጥ በኩልም በየማዕዘኑ ማጠናከሪያ እንጨት በኮላና በብሎን ያስሩበታል። ሁለተኛው ክንዱ ነው። ትልልቅ ሰዎች ከወንበር ሲነሡ ክብደታቸውን ሁሉ የሚጥሉት ክንዱ ላይ ነው፤ ከላይ በብሎን ብቻ የተያዘ ክንድ ብዙ አይቆይም።

የኋላ እግር መጉበጡ ለመደገፍ ይመቻል፣ ነገር ግን ጉብጠቱ ከበዛ የእንጨቱ ጭረት (የተፈጥሮ መስመሩ) መሃል ላይ ይቆረጥና እግሩ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ጋሼ በካርቶን የሠሩትን ቅርጽ ጣውላው ላይ እያዟዟሩ ጭረቱን ተከትለው ነው የሚያሰምሩት። ከዚህ የተነሣ አንዳንዴ ከአንድ ጣውላ ሁለት እግር ብቻ ይወጣል።

ልኩን ለምታሠሩ እንተውላችሁ፦ የመቀመጫው ከፍታ ከፊት 43፣ ከኋላ 40 ሴንቲ፤ ጥልቀቱ 48፤ ስፋቱ ከፊት 54፣ ከኋላ 46፤ ክንዱ ከመቀመጫው በላይ 22 ሴንቲ። ከፍታው የሚለካው ሰው ተቀምጦበት ስፖንጁ ከሰመጠ በኋላ ነው። ይህን የዘነጋ አናጢ ክንዱን ብብት ሥር ወይም ጭን ላይ ያደርሰዋል።

ኮላ ከመቀባታቸው በፊት ወንበሩን በሙሉ በደረቁ ይገጥሙታል። ከዚያ በሞርሳ (እንጨት አጣብቆ በሚይዝ መሣሪያ) አጥብቀው የመቀመጫውን ሁለት ሰያፍ በገመድ ይለካሉ፤ ከፊት ሰፊ ከኋላ ጠባብ ቢሆንም ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ሞርሳው እስከ ማግስቱ አይፈታም። የፈሰሰውን ኮላ ወዲያው ይጠርጉታል፤ ኮላ የጠጣ እንጨት ቫርኒሽ ስለማይቀበል ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ያኔ መፋቅ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱ በሸካራው 80 ቁጥር ተጀምሮ በ120 አልፎ በለስላሳው 180 ያልቃል፤ በመጨረሻ በእርጥብ ጨርቅ ያብሱትና ብድግ ያለውን ጭረት እንደገና ያለሰልሱታል። ከዚያ ቫርኒሽ፣ ቀጠን ተደርጎ ሦስት ጊዜ። የተልባ ዘይት የሚመርጥ ካለም ይቀባሉ፣ ያበሱበትን ጨርቅ ግን ዘርግተው ያደርቁታል። ተጠቅልሎ የተጣለ የዘይት ጨርቅ ራሱ ግሎ እሳት ሊያነሣ ይችላል፤ ቤቱ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለታቸውን ካልነገርናችሁ ጥቆማው ሙሉ አይሆንም። ቀጠሮ ያሳልፋሉ፤ የኛው ሦስት ሳምንት ዘግይቷል። ሥራ ላይ ስልክ አያነሡም። ስፖንጅና ጨርቅ ስለማያለብሱ ለሌላ ባለሙያ መስጠት የናንተ ድርሻ ነው። ለሠርግና ለበዓል የምትቸኩሉ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ከመደወላችሁ በፊት ግን ወንበሩን አዘውትሮ የሚቀመጥበትን ሰው ጫማውን እንዳደረገ አስቀምጣችሁ፣ ከወለል እስከ ጉልበቱ መታጠፊያ ድረስ ለክታችሁ ያዙ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።