ቀዝቅዞ ሲነሣ ይጠፋ የነበረውን ሞተሬን ላስተካከሉልኝ የጎባው መካኒክ የቀረበ ምስጋና

ካለፈው ኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሣ እየጠፋ ሥራዬን ያስተጓጉልብኝ የነበረውን ሞተር ብስክሌቴን፣ የችግሩን ሥር ፈልገው በማግኘት ላስተካከሉልኝ፣ በጎባ ከተማ ወደ ሮቤ በሚወስደው መውጫ ላይ ለሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ በአደባባይ ምስጋናዬን ማቅረብ ስለፈለግሁ ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን ለማውጣት ፈቃዳቸውን ጠይቄአቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን «ስሜን ተዪው ልጄ፤ የሚፈልገኝ ሰው ቦታዬን አያጣውም» ስላሉኝ ቃላቸውን አክብሬአለሁ። በእርግጥም ከአስፋልቱ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ተራ ይዘው የቆሙትን ሞተሮች ያየ ሰው ቦታውን አይስተውም።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የምሠራው በጎባ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜም የሳነቴን አምባ አቋርጬ እስከ ሪራ እወርዳለሁ። የክትባት ሥራ የጠዋት ሥራ ነው፤ አርሶ አደሩ ከብቱን ከበረት አውጥቶ ወደ ግጦሽ ከማሰማራቱ በፊት ካልተደረሰ፣ በየሸንተረሩ የተበተነውን መንጋ መልሶ መሰብሰብ የማይታሰብ ነው። ክትባቱም በበረዶ ሣጥን ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠብቆ የሚጓዝ በመሆኑ፣ ሞተር ለማስነሣት ስታገል የሚያልፈው ጊዜ በረዶውን እያሟሟው ነው። ስለዚህ ሞተሬ እምቢ ባለኝ ቁጥር የተጎዳሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምረው ከብቶቻቸውን አስረው የሚጠብቁኝ ሰዎችም ነበሩ።

የሞተሩ ጠባይ እንዲህ ነበር። ቾኩን (ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሣት የሚሳበውን ማንሻ) ስቤ አንድ ሁለት ጊዜ ስረግጠው ያለ ምንም ችግር ይነሣል። ቾኩን በጥቂቱ መለስ ሳደርገው ግን ድምፁ ይዋዥቅና ሁለት ሦስት ጊዜ አቃስቶ ይጠፋል። እንደገና ቾኩን ስቤ አስነሣለሁ፤ ደግሞ ይጠፋል። በዚህ ሁኔታ 15 ደቂቃ፣ አንዳንድ ቀንም ግማሽ ሰዓት ከታገልኩ በኋላ አንዴ ሲሞቅ ግን ቀኑን ሙሉ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ዳገት ይወጣል፣ ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) አይዛባም። ቀን ላይ ለሰው «ሞተሬ ታሟል» ብል የሚያምነኝ አልነበረም።

ከእኒህ ባለሙያ በፊት ሦስት ቦታ አሠርቼአለሁ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ አየርና ቤንዚን የሚያደባልቀው ካርቡሬተር ወርዶ ታጥቧል፤ ሚኒሞው ከፍ ተደርጓል፤ በመጨረሻም ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ስላለቀ ሞተሩ መከፈት አለበት ተብሎ 9,000 ብር ተጠየቅሁ። የሠሩልኝን ሰዎች ለመውቀስ አልጽፍም፤ አንዳቸውም ሊያታልሉኝ እንዳልሞከሩ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ሁሉም ያዩት የሞቀ ሞተር ነበር። ከቤቴ ተነሥቼ ወደ ጋራዥ እስክደርስ ድረስ ሞተሩ ሞቆ ችግሩ ይሰወራል፤ እነርሱም በዓይናቸው ያላዩትን በግምት ለመጠገን ተገደዱ። ይህን ልብ ያሉት የጎባው መካኒክ ብቻ ናቸው፤ ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

የሄድኩባቸው ከሰዓት በኋላ ነበር። መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጥያቄ ጠየቁኝ። የሚጠፋው ቾኩ እንደተሳበ ነው ወይስ ሲመለስ? ነዳጅ ስሰጠው ይሻለዋል ወይስ ይብስበታል? ሲጠፋ በድንገት ነው ወይስ እየደከመ? ዝናብ በጣለ ማግስት ይለያል? የምችለውን ያህል መለስኩ። ከዚያም መዳፋቸውን በሲሊንደሩ ላይ አሳርፈው «ይህማ ትኩስ ነው፤ ዛሬ ብነካው እዋሽሻለሁ» አሉና ሞተሩን እዚያው እንዳሳድረው፣ በማግሥቱም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እንድመጣ፣ እስከዚያም ማንም እንዳያስነሣው አሳሰቡ። ክፍያ የተቀበሉበት ሌላ ሥራ በእጃቸው እያለ ለእኔ ሲሉ በዚያ ብርድ ማልደው መምጣታቸውን ሳስብ አሁንም ልቤ ይነካል።

በማግሥቱ ስደርስ በኮርቻው ላይ አመዳይ ነበረ። እርሳቸው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቀድመውኝ ደርሰዋል። እየሠሩ ያስረዱኝ የነበረውን እዚህ ላይ የማሰፍረው፣ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ምን እንደሚጠይቅ ያውቅ ዘንድ ነው። ቤንዚን ሲቀዘቅዝ በቀላሉ አይተንም፤ ከፊሉ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ተለጥፎ ስለሚቀር ወደ ሲሊንደሩ የሚደርሰው ድብልቅ ይሳሳል። ቾክ የሚሠራውም የሚገባውን አየር በመቀነስ ወይም ቤንዚኑን በመጨመር ድብልቁን ለማወፈር ነው። ሞተሩ ቾክ ላይ ሲሆን ብቻ የሚኖር ከሆነ፣ ወይ ቤንዚን አንሶታል ወይ አየር በዝቶበታል ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የተናገሩት ደግሞ ፈጽሞ አስቤው የማላውቀው ነገር ነበር። ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ የሚያጋጥመው የቤንዚን መብዛት እንጂ ማነስ አይደለም፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣል። የእኔ ካንዴላ ግን ተፈትቶ ሲታይ ነጣ ያለ ነበር። «በደጋ ላይ ሞተር ቤንዚን ጠማኝ ካለ፣ ያልተጋበዘ አየር በሆነ ቦታ እየገባ ነው፤ አለዚያም የሚኒሞው ቤንዚን የሚያልፍባት ቀጭን ቀዳዳ ተደፍናለች» አሉኝ። ያቺን ቀዳዳ አውጥተው ወደ ብርሃን አቅንተው አሳዩኝ፤ ክፍት ነበረች። የካርቡሬተሩን የታችኛውን ብሎን ላላ አድርገው ቤንዚኑን በብርጭቆ ተቀብለው ተመለከቱ፤ ውኃ ቢኖርበት ከሥር ዘቅጦ በታየ ነበር፤ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። የቫልቮቹንም ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ለኩ፤ የመግቢያው 0.05፣ የመውጫው 0.10 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ለእኔ ሞተር ትክክለኛው ልክ ነው። ይህ ልኬት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ካልተወሰደ በሙቀት የሚለጠጠው ብረት እንደሚያሳስት የነገሩኝም ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ዶክተር፣ ስሪንጅ ይዘሻል?» ሲሉኝ ገረመኝ። ከቦርሳዬ አዲስ የ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ከነመርፌው አውጥቼ ሰጠኋቸው። ንጹሕ ውኃ ሞሉበትና ሞተሩን አስነሥተው ቾኩን እንዳይጠፋ ያህል ብቻ ይዘው፣ ካርቡሬተሩንና የሲሊንደሩን ራስ በሚያገናኘው ጎሚኒ ዙሪያ ውኃውን ጠብታ በጠብታ ያንጠባጥቡ ጀመር። ከላይ ምንም የለም። በግራ ጎኑ ምንም የለም። እጃቸውን በጠባቡ ክፍተት አሳልፈው ከሥሩ፣ ዓይን ከማያርፍበት በኩል፣ አንዲት ጠብታ ሲያሳርፉ ይንተባተብ የነበረው የሞተሩ ድምፅ ለአፍታ ተስተካክሎ ጸጥ ብሎ ዞረ፤ ጠብታዋም መሬት ሳትወርድ ወደ ውስጥ ተሳበች። ወዲያውም መልሶ መንተባተብ ጀመረ። ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ ሦስቱንም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ሁለት ወር ተኩል ያንከራተተኝ ነገር በአንዲት የውኃ ጠብታ ሲገለጥ በዚያ ብርድ ዕንባዬ መጣ።

አንዳንዶች ይህንኑ ፍተሻ በቤንዚን ያደርጉታል። እርሳቸው ግን የሚሠራ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው ብለው አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ፤ ሥራቸውን የሚለምዱትን ልጆችም በዚህ አይታገሷቸውም።

ጎሚኒው ሲወጣ ከማሰሪያው ቀለበት አጠገብ ጸጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረችበት፤ ጎንበስ አድርገው ሲያጥፉት አፏን ከፈተች፣ ሲለቁት ተዘጋች። ጎሚኒ በብርድ ይደርቃል፣ ይኮማተራልም፤ ስለዚህ ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ስንጥቋ ክፍት ሆና ትቆያለች፤ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ለስልሶ ራሱን ይዘጋል። ጉዳቱ በሚኒሞ ጊዜ ብቻ የሚታይበትም ምክንያት አለው። ነዳጅ ሳይሰጥ የካርቡሬተሩ በር ስለሚዘጋ ሞተሩ በኃይል ይስባል፤ የሚያስፈልገው አየር በጣም ጥቂት በመሆኑም በስንጥቋ የሚሰርገው አየር ድብልቁን ያበላሸዋል። መንገድ ላይ በሩ ሲከፈት ግን ያቺ ትንሽ አየር ከብዙው ጋር ተቀላቅላ ከቁም ነገር አትገባም። ካንዴላ መቀየሩም ሆነ ካርቡሬተር ማጠቡ ለምን እንዳልፈየደ፣ ሚኒሞውን ከፍ ማድረጉም ችግሩን ሸፍኖ ለጥቂት ቀናት ብቻ ለምን እንዳስታገሰው ያን ጊዜ ገባኝ።

ስንጥቋን በሙጫ መድፈን ይቻል እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ቤንዚንና ሙቀት በጥቂት ሳምንት ያላቅቁታል፣ ተቆርሶ ወደ ውስጥ ቢሳብም ሌላ ጣጣ ያመጣል ብለው አልተቀበሉኝም። አዲሱን ጎሚኒ ከሮቤ አስመጡ። ሲያስሩትም ቀለበቱን ከልክ በላይ እንዳይጠብቅ ተጠንቅቀው ነበር፤ አሮጌው የተሰነጠቀው በሌላ ጊዜ ያለ መጠን ተጠብቆ ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። ሚኒሞውን ወደ ቀድሞ ቦታው መለሱት። ሁሉም አለቀ ብዬ ስነሣ የዘይቱን መለኪያ አውጥተው አሸተቱና ለእኔም ሰጡኝ፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ለወራት ቾክ ስቤ በመንዳቴ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ዘይቱ ወርዷል ማለት ነው። ዘይቱ እንዲህ ሲቀጥን ብረት ከብረት ስለሚበላላ ያን ቀን እንዲቀየር አደረጉ። ፋሻውን በተመለከተ ግን መርገጫውን በእጃቸው ቀስ ብለው ተጭነው ግፊቱን ከመረመሩ በኋላ «ፋሻሽ ጤነኛ ነው፤ ሞተርሽን ለማንም እንዳታስከፍቺ» አሉኝ። የጎሚኒው ዋጋ 400 ብር፣ የእጃቸው 500 ብር ሆነ፤ ዘይቱን ራሴ ገዛሁ። ጨምሬ ልሰጣቸው ብሞክር አልወሰዱም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሞተሬ አንድም ጠዋት አልጠፋብኝም። ቾኩን ስቤ አስነሣለሁ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቼ እመልሰዋለሁ፣ እጓዛለሁ። በየካቲት ሳነቴን አቋርጬ ሪራ ባደርኩበት ጊዜ እንኳ በማግሥቱ ማለዳ በመጀመሪያው እርግጫ ተነሥቷል። አምባው ላይ፣ 4,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ ጉልበቱ መቀነሱን አስተውዬ ስመለስ ነግሬአቸው ነበር፤ እዚያ አየሩ ሲሶ ያህል ስለሚሳሳ ይህ የሞተሩ በሽታ እንዳልሆነና ምንም ነገር እንዳላስነካ መክረውኛል።

ወደ እርሳቸው ለምትሄዱ ጥቂት ነገር ልጠቁም። ችግራችሁ የጠዋት ከሆነ ሞተራችሁን ከዋዜማው ወስዳችሁ አሳድሩ፤ መቼና እንዴት እንደሚጠፋ አስቀድማችሁ በደንብ አስተውላችሁ ሂዱ፤ ጥያቄያቸው ብዙ ነውና መልሳችሁ በጠራ ቁጥር ሥራው ይቀላል። የቸኮለ ሰው ሊከፋ ይችላል፤ የተወሰደውን ተራ አያፋልሱም፣ በአንድ ቀንም ላያስረክቡ ይችላሉ። በኢንጀክሽን (ያለ ካርቡሬተር፣ በኤሌክትሮኒክ የቤንዚን መርጫ) የሚሠሩትን ሞተሮች አይነኩም፤ ሲመጣባቸው እንደማይችሉ በግልጽ ተናግረው ይመልሳሉ። ካርቡሬተር ላለው ሞተር ግን በዚህ አካባቢ ከእርሳቸው የተሻለ እጅ አላጋጠመኝም።

ጋሼ፣ በዚያ አመዳይ ማለዳ ስለ እኔ ብለው ስለተነሡ፣ ያላየሁትን አሳይተው ያላወቅሁትን ስላስተማሩኝ፣ ያለ አግባብም ብሬን እንዳላወጣ ስለጠበቁኝ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ያቺ ስሪንጅ በመሣሪያ ሣጥንዎ ውስጥ መቅረቷን ልጆቹ ነግረውኛል፤ በሚቀጥለው ስመጣ አዳዲስ ይዤልዎት እመጣለሁ።