«እንደታሸገ ነው» ብሎ ግማሽ ኦፔራ ሸጠልኝ፦ ፓሪስ ያላችሁ ተጠንቀቁ

ከሱቁ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሳን ሚሼል አካባቢ ያገለገለ ሲዲ የሚሸጡትን ሱቆች የምታውቁ ታውቋቸዋላችሁ። ርካሹ በር ላይ በካርቶን ተደርድሯል፤ «ብርቅ ነው፣ ሁለተኛ አይታተምም» የሚባልለት ደግሞ ከባንኮኒው ጀርባ ነው። ሻጩም ያው የምታውቁት ዓይነት ነው። ዕቃውን ሳያስይዛችሁ ታሪኩን ይተርክላችኋል፤ እናንተም በታሪኩ ትያዛላችሁ።

እኔ የምፈልገው የፊንላንዳዊቷን የሙዚቃ ደራሲ የካይያ ሳሪያሆን ኦፔራ «ላሙር ደ ልዋን» ነበር፤ የሩቅ ፍቅር ማለት ነው። በእ.ኤ.አ. 2004 ሄልሲንኪ መድረክ ላይ የተቀረጸውን ፊልም ጓደኛዬ ቤት አይቼዋለሁ። ልቤ የቀረው ግን የኦርኬስትራ መሪው ኬንት ናጋኖ ከበርሊን ኦርኬስትራ ጋር ሠርቶት በ2009 የወጣው የስቱዲዮ ቀረጻ ላይ ነው፤ በ2011 የግራሚ ሽልማት ያገኘው። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ከኦርኬስትራው ሥር የሚሄድ የኤሌክትሮኒክስ ድምፅ አለ፤ እንደ ጭጋግ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። መድረክ ላይ ኮቴና ሳል ይውጠዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ግን እያንዳንዷ ነገር ትሰማለች።

ለምን ይህን ያህል እንደፈለግሁት ልንገራችሁ። የኦፔራው ዋና ገጸ ባሕርይ ክሌማንስ ፈረንሳይ ቱሉዝ ተወልዳ ባሕር ማዶ ትሪፖሊ፣ የዛሬዋ ሊባኖስ፣ የቀረች ሴት ናት። ስለ ትውልድ አገሯ የምትዘፍነውን ስሰማ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ተነገረልኝ። ግጥሙን የጻፈው አሚን ማሉፍም በ1976 የአገሩን ጦርነት ሸሽቶ ፓሪስ የገባ ሊባኖሳዊ ነው። ሳሪያሆም ብትሆን ከፊንላንድ መጥታ እዚሁ ኖራ፣ በ2023 እዚሁ ነው ያረፈችው። ስለዚህ ለኔ ተራ ሲዲ አልነበረም።

ቅዳሜ ዕለት ስሙን ስጠራለት ሰውየው ፊቱ በራ። «እርስዎ ዕድለኛ ነዎት፣ ማዳም» አለኝ። ከጀርባው አወጣው፤ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ንጹሕ። ከፍቼ ልየው ስል መዳፉን ላዩ ላይ ጫነ። «እንደታሸገ ነው፣ ከተከፈተ ዋጋው ይወድቃል» አለኝ። ስልሳ ዩሮ ጠየቀ፤ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ሃምሳ አምስት። ላስቲኩ ላይ የፋብሪካ ተለጣፊ አለመኖሩን አይቻለሁ። አየሁና ዝም አልኩ! ከኋላ ክፍል በሙቀት የሚያሽግ ማሽን እንዳላቸው የማያውቅ አለ? እኔም አውቃለሁ። ግን ሰውየው ሳሪያሆን ያውቃታል፣ ስለሷ በፍቅር ያወራል፤ እንዲህ የሚያወራ ሰው ያታልለኛል ብዬ አላሰብኩም።

ማታ የመጀመሪያውን ዲስክ አዳመጥኩ። ምንም አልነበረውም፤ እንዲያውም አስለቀሰኝ። ሁለተኛውን ሳስገባ የማጫወቻው ሰሌዳ ላይ «ኤስ ኤ ሲዲ» (ከተራ ሲዲ የጠራ ድምፅ ያለው፣ ዋናው የታተመበት ዓይነት) የሚለው ጽሑፍ ጠፍቶ «ሲዲ» ብቻ አለ። ልብ አላልኩትም። ክሌማንስን ከሩቅ የሚወዳት ልዑል ዞፍሬ ባሕር ሲሻገር ታሞ፣ ትሪፖሊ ደርሶ እቅፏ ውስጥ ሊሞት ሲል ድምፁ ተንተባተበ፣ ዘለለ፣ ቆመ። አውጥቼ ገለበጥኩት። ሥሩ ወይን ጠጅ ነው! ባዶ ሲዲ ላይ ቤት ውስጥ የተቀዳ ቅጂ። ላዩ ላይ ያለው ሥዕልና ጽሑፍ በወረቀት ታትሞ የተለጠፈ ነው፤ ጠርዙን በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ተነሳ።

እሑድና ሰኞ ዝግ ናቸው። ዛሬ ማክሰኞ ገና ሲከፍቱ ደረስኩ።

አሁን የምጽፈውን በደንብ አንብቡልኝ። ሣጥኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና «ከዲስኮቹ አንዱ ዋናው አይደለም» አልኩት። ይህን ብቻ ነው ያልኩት። የትኛው እንደሆነ አልነገርኩትም። ሣጥኑን ከፈተ። የመጀመሪያውን ዲስክ ዞር ብሎም አላየውም። ጣቱ በቀጥታ ሁለተኛው ላይ ሄደ፣ ነቀለው፣ ሥሩን እንኳ ሳይገለብጥ «ይሄ?» አለኝ።

ያውቅ ነበር። ቅዳሜ ዕለት መዳፉን ሲጭንበት ያውቅ ነበር። ስለ ሳሪያሆ ሲያወራልኝ፣ ዕድለኛ ነዎት ሲለኝ፣ ሃምሳ አምስቷን ዩሮ ሲቆጥር፣ ሁሉንም እያወቀ ነው።

«አንቺ ቤትሽ አለመቀየርሽን በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ቅዳሜ «እርስዎ» ነበርኩ፤ ዛሬ «አንቺ» ሆንኩ። ደረሰኙን ዘረጋሁለት። በጣቱ መታ መታ አደረገልኝ፦ «1 ያገለገለ ሲዲ» ይላል። የኦፔራው ስም የለም፣ «የታሸገ» የሚል የለም። ጎን ላይ ዋጋ የምትለጥፈው ልጅ ቀና ሳትል ፈገግ አለች። ከዚያ ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ታዳምጫለሽ?» አለኝ።

ፈረንሳይኛው ጠፋኝ። አሥራ ሰባት ዓመት የተናገርኩት ቋንቋ ከአፌ ጠፋ። ሣጥኔን አንስቼ ወጣሁ። ለሃምሳ አምስቱ ዩሮ ሳይሆን ለዚያች ጥያቄ መልስ ሳልሰጥ መውጣቴ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። አዎ፣ አዳምጣለሁ! ከማንም በላይ አዳምጣለሁ።

ለናንተ፦ እዚያው ሱቅ ውስጥ አስከፍቱ፣ ሁለቱንም ዲስክ ገልብጣችሁ ከሥር ያለውን ቀለም እዩ። ደረሰኙ ላይ ርዕሱን በእጅ አስጽፉ። በካርድ ክፈሉ። ሱቅ ገብቶ ለገዛ ሰው በኢንተርኔት ግዢ ያለው የአሥራ አራት ቀን የመመለስ መብት እንደማይሠራም እወቁ። እኔ ጉዳዩን ሲግናል ኮንሶ በሚባለው የፈረንሳይ መንግሥት የሸማቾች አቤቱታ ድረ ገጽ ላይ ዛሬ ማታ አስገባለሁ።

ደግሞ የዚህን ቀረጻ ዋናውን ሁለተኛ ዲስክ ብቻውን፣ ሣጥን ባይኖረውም፣ የምትሸጡልኝ ካላችሁ እገዛለሁ። መጨረሻውን አልሰማሁትም።