አድቬንት፣ ኤአር ወይስ ጄቢኤል? አሮጌ ስፒከር ገዝታችሁ ልታድሱ ላሰባችሁ

ሜሪላንድ ውስጥ ካለ አንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ላርጅ አድቬንት የሚባል ጥንድ ስፒከር ገዛሁ። ሻጩ «በደንብ ይሠራል» ብሎኝ ነበር። ቤት አስገብቼ የፊቱን ጨርቅ አወለቅኩና የቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል፣ ዙሪያ በጣቴ ነካ አደረግኩት። ስፖንጁ እንደ እርጥብ ጥላሸት ጣቴ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ኮኑ (እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣው ሾጣጣ) ምንም አልሆነም፣ ኮይሉም (ከኋላው ያለው የሽቦ ጥቅል) ደህና ነው። የሚይዘው ስፖንጅ ግን አልቋል። ይሄ የእነዚህ ስፒከሮች ዋና በሽታ ነው። ደግነቱ ይድናል።

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ስፒከር የሚፈልግ ሰው ሦስት ስሞች ደጋግመው ይመጡበታል። ኤአር-3ኤ እ.ኤ.አ. በ1967፣ አድቬንት በ1969፣ ጄቢኤል ኤል100 በ1970 የወጡ ናቸው። ኤአርን (አኮስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ) እ.ኤ.አ. በ1954 ኤድጋር ቪልቸርና ሄንሪ ክሎስ አብረው መሠረቱት። አድቬንትን ያቋቋመው ደግሞ ያው ክሎስ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። ሳጥናቸው ድፍን ነው፤ ውስጡ የታፈነው አየር ለቤዙ እንደ ሞላ ሆኖ ያገለግላል። ኤል100 ግን አየር መውጫ ቀዳዳ አለው። የማክሴል ካሴት ማስታወቂያ ትዝ ይላችሁ ይሆናል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ፀጉሩና ከረባቱ ወደ ኋላ የሚነፍስበት። ፊት ለፊቱ ያለው ስፒከር ኤል100 ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያድስ ሰው እኔ የምመርጠው አድቬንትን ነው። ቤዝና ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው) ብቻ ነው ያለው፤ የሚበላሸው ነገር ጥቂት ነው። ስፖንጁ ከተቀየረ አብዛኛው ሥራ አለቀ ማለት ነው። ስትገዙ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በድሮዎቹ ላይ ኮኑ 10 ኢንች ሆኖ ዙሪያው የተጨመቀ የእንጨት ቀለበት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1977 በኋላ የወጣው ኒው አድቬንት ደግሞ ቀለበቱ የለም፤ ኮኑን የሚይዘው የብረት ክፈፍ ራሱ ሰፊ ነው። የሁለቱ ስፖንጅ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ከማዘዛችሁ በፊት ለኩ።

ስፖንጁን በጎማ ልተካው የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ጎማ ዕድሜው ረጅም ነዋ። እኔ ግን ለአድቬንትም ለኤአርም አልመክርም። ጎማ ይከብዳል፣ ብዙ ጊዜም ይጠነክራል። የእነዚህ ሳጥኖች ቤዝ የተሠራው በጣም ለስላሳ እንዲሆን ነው፤ ሞላው አየሩ ነውና። ጎማ ስታስገቡ ያ ለስላሳነት ይሄድና የታችኛው ድምፅ ይደርቃል። ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ ደግሞ መቀየር ቢኖርባችሁም ስፖንጅ ይሻላል።

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ብዙ ዕቃ አይፈልግም። የድሮውን ሙጫ በአልኮል እያራሳችሁ በቀስታ ትፍቁታላችሁ። አዲሱን በመጀመሪያ ከኮኑ ጋር ታጣብቃላችሁ፤ ሲደርቅ ከብረት ክፈፉ ጋር። ኮይሉ መሀል ላይ መቀመጡን ለማወቅ ኮኑን በሁለቱም እጅ ጣቶች እኩል ተጫኑት። የመፋተግ ድምፅ ከሰማችሁ ሙጫው ሳይደርቅ አስተካክሉት። ስትፈትኑ ደግሞ በበገና አትጀምሩ። በገና በእንዝራው (ከክሩ ሥር በሚገባው የቆዳ ቁራጭ) ምክንያት ራሱ የሚነዝር ድምፅ ስላለው የሚፋተግ ኮይል ድምፅ ከሥሩ ይደበቃል። ጥርት ያለ ቤዝ ጊታር ያለበትን ዘፈን አስቀምጡ።

ኤአር-3ኤ ከሦስቱ ልቤን የሚወስደው ነው። ድምፁ ይረጋል፣ አያደክምም። ግን ሥራ ይፈልጋል። ከኋላው ያሉት ሁለት ማስተካከያዎች፣ የሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ የሚያወጣውን) እና የትዊተሩን መጠን የሚወስኑት፣ ይዝጋሉ። የዛጉ ጊዜ ሚዱ ወይም ትዊተሩ ጭራሽ ይጠፋል፤ ገዢም «ተቃጥሏል» ብሎ ይተወዋል። ከመተዋችሁ በፊት ማስተካከያውን ወዲያና ወዲህ አሽከርክሩት። ድምፁ ጠቅ ብሎ ከመጣ ያለው ችግር ዝገት ነው፤ ይጸዳል ወይም በአዲስ ይተካል። ትዊተሩ በእርግጥ ከሞተ ግን ኦሪጅናሉን ማግኘት ከባድ ነው፤ ያኔ ዋጋው በጣም ካልቀነሰ እለፉት። ሌላው፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ዝቅተኛ፣ 4 ኦም፣ ስለሆነ ደካማ አምፕሊፋየር አይችለውም።

ኤል100 ለማደስ ከሁሉም ይቀላል። የቤዙ ጠርዝ ስፖንጅ ስላልሆነ እንደ ሌሎቹ አይበሰብስም። የሚፈረካከሰው የፊቱ መሸፈኛ ነው፤ ያን ብርቱካናማውን ማለቴ ነው። አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል። ችግሩ ዋጋው ነው፤ ስሙ ያስከፍላል። ድምፁም ወደ ፊት የሚመጣ ዓይነት ነው። ለጭፈራ ምርጥ ነው፤ ማታ ዝግ አድርጎ ማሲንቆ ለሚሰማ ግን ኤአርን እመርጣለሁ።

ካፓሲተር (ድምፁን ለቤዙና ለትዊተሩ በሚያከፋፍለው ሰርኪዩት ውስጥ ያለ ክፍል) ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። መጀመሪያ ለኩት። ኤሌክትሮሊቲክ የሚባለው የድሮ ዓይነት ሲያረጅ መጠኑ ይለወጣል፣ ውስጣዊ ተቃውሞውም ይጨምራል፤ ከዚያ ትዊተሩ ይደበዝዛል። ኤል100 ውስጥ የሚቀየሩት በአንድ ሳጥን ሁለት ናቸው፤ 3 እና 8 ማይክሮፋራድ። ፊልም የሚባለውን ዓይነት ካፓሲተር አስገቡበት፣ ዋጋውም አይጎዳም። ኤአር-3ኤ ውስጥ ግን 6፣ 50 እና 150 አሉ። ባለ 150ው ፊልም ግዙፍና ውድ ነው፤ እሱን በአዲስ ባይፖላር ኤሌክትሮሊቲክ ብትተኩት ምንም አይጎድልባችሁም። ለባለ 6ው ፊልም ይበቃል።

አገር ቤት ልትወስዱ ካሰባችሁ ስፒከሮቹ ራሳቸው ሶኬት ስለሌላቸው 220 ቮልት አያሳስባቸውም። የአሜሪካው አምፕሊፋየር ግን 120 ቮልት ብቻ ከሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። አንድ ኤአር-3ኤ ብቻውን 24 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ የሻንጣው ገደብ 23 ከሆነ ቤዙን ፈታችሁ ለብቻው ጠቅልሉት።