ኤምሲጂ፦ ለፉቲ አንደኛ፣ ለእግር ኳስ ግን አልመክርም

ሜልበርን ያላችሁ የኳስ ወዳጆች ኤምሲጂ (የሜልበርን ክሪኬት ስታዲየም) ገብታችሁ ፉቲ፣ ማለትም በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን የአውስትራሊያ ፉትቦል፣ ካላያችሁ የምር ብዙ ቀርቶባችኋል፣ ስታዲየሙ 100 ሺህ ሰው አካባቢ ይይዛል ከሪችመንድ ባቡር ጣቢያም በእግር ነው። 18 ለ 18 ሆነው ሞላላ ሜዳ ላይ ሲሯሯጡ መጀመሪያ ግራ ያጋባል ግን ቶሎ ይገባችኋል፣ በመሀለኞቹ ቋሚዎች መሀል ከገባ 6 ነጥብ በመሀለኛውና በዳሩ ቋሚ መሀል ካለፈ 1፣ ጎል ሲሆን ቋሚው ስር ያለው ዳኛ ሁለት ባንዲራ ያውለበልባል። አንዱ የሌላው ትከሻ ላይ ወጥቶ አየር ላይ ኳስ ሲቀልብ የሚሰማው ጩኸት ልዩ ነው!! የሁለቱም ክለብ ደጋፊ ተቀላቅሎ ነው የሚቀመጠው፣ ቤተሰብ ይዞ ለመሄድ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እግር ኳስ ለማየት ግን ሜዳው ይርቃል፣ በተለይ ከጎል ጀርባ ከሆናችሁ ማን እንደነካው አይለይም። ለኤ ሊግ (የአውስትራሊያ ዋናው የእግር ኳስ ሊግ) እዛው አጠገቡ ያለው አሚ ፓርክ በጣም ይሻላል፣ ሜዳው አራት ማዕዘን ስለሆነ ኮርነር የሚመታውን ልጅ ፊት ታያላችሁ።

እዚህ አገር ሶከር (እግር ኳስን እንዲህ ነው የሚሉት) የስደተኛ ጨዋታ እየተባለ ሲናቅ ኖሯል፣ ሲድኒና ብሪስቤን ደግሞ ራግቢ ሊግ ነው የነገሰው። ግን በ2023 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ማቲልዳስ (የአውስትራሊያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን) ግማሽ ፍጻሜ ሲደርሱ አገሩ በሙሉ ቲቪ ላይ ተተክሎ ነበር፣ ስለዚህ ሶከር ሰው የለውም የሚለውን እኔ አልቀበልም። ልጆቻችሁን ሁለቱንም አሳዩዋቸው፣ ክረምት ላይ ለፉቲ ስትሄዱ ጃኬት እንዳትረሱ።