አክሲዮንን አየር በአየር መነገድ ወይስ ገዢ የማይበዛለትን አክሲዮን ይዞ መቆየት?

ጥሪቱን በአክሲዮን ላይ ሊያውል የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይመርጣል። አንደኛው ገዢና ሻጭ በየደቂቃው የሚገናኙበትን አክሲዮን ገዝቶ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ አትርፎ መሸጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሳምንት ሙሉ አንድም ግብይት ሳይካሄድበት ሊያልፍ የሚችል አክሲዮን ገዝቶ ለዓመታት መያዝ ነው። በእኔ እምነት ምርጫው መነሣት ያለበት ገንዘቡ መቼ እንደሚያስፈልግ ከማወቅ ነው።

ምክንያቱም ትልቁ ወጪ ያለው ሻጭ በሚጠይቀውና ገዢ በሚሰጠው ዋጋ መካከል ነው። ብዙ ገበያተኛ ባለው አክሲዮን ላይ ይህ ክፍተት ከመቶ አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ገበያው በቀዘቀዘ አክሲዮን ላይ ግን ሻጩ 104 ሲጠይቅ ገዢው የሚሰጠው 96 ሊሆን ስለሚችል፣ በ104 ገዝቶ ወዲያው ልሽጥ ያለ ሰው 7.7 በመቶ ያህሉን ያጣል። ይህንኑ ኪሳራ አሥር ዓመት የሚይዝ ሰው ለየዓመቱ ሲያካፍለው ከ0.8 በመቶ ያንስለታል፤ በወሩ የሚሸጥ ሰው ግን ሙሉውን በአንድ ጊዜ ይከፍላል።

ገዢዎችና ሻጮች ያቀረቡት ዋጋና ብዛት የሚሰፍርበትን የትዕዛዝ መዝገብ ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከፋል። በ96 የሚገዛው ሰው የሚፈልገው 40 አክሲዮን ብቻ ነው እንበል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው በ91 ሒሳብ 25 ይገዛል፤ ሦስተኛው ያቀረበው ዋጋ 80 ነው። የዋጋ ገደብ ሳያስቀምጥ 100 አክሲዮን ይሸጥልኝ ብሎ ያዘዘ ሰው በአማካይ የሚደርሰው 89.15 ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምናልባት ከሁለት ሳምንት በፊት በተደረገ ግብይት የተመዘገበው 100 ተጽፎ ይታያል። ስለዚህ እንዲህ ያለ አክሲዮን ያለ ዋጋ ገደብ መግዛትም ሆነ መሸጥ አይገባም።

አየር በአየር የሚነግደው ከዚህ አደጋ ቢያመልጥም የግብይቱ ብዛት ራሱ ይጎዳዋል። የፋይናንስ ተመራማሪዎቹ ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከ1991 እስከ 1996 የ66,465 አሜሪካውያን ቤተሰቦችን የግብይት መዝገብ መርምረው፣ አብዝተው የሚገዙና የሚሸጡት በዓመት 11.4 በመቶ ሲያገኙ ገበያው በአጠቃላይ 17.9 በመቶ ማስገኘቱን አሳይተዋል። በአሜሪካ ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ተይዞ የተሸጠ አክሲዮን ትርፍ እንደ መደበኛ ገቢ ግብር ይከፈልበታል፤ ከዓመት በላይ ለተያዘው ግን መጣኔው ዝቅ ይላል። ገበያውን ቀኑን ሙሉ መከታተል የማይችል ሠራተኛ በዚህ መንገድ ባይገባ እመርጣለሁ።

ይዞ መቆየት የመረጠ ሰው በበኩሉ አክሲዮኑ ለምን ገዢ እንዳጣ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። መሥራቾቹ አብዛኛውን ድርሻ ይዘው ለገበያ የቀረበው ጥቂት ስለሆነ ከሆነ፣ ድርጅቱም በኦዲት የተረጋገጠ ሒሳብ በወቅቱ እያወጣ የትርፍ ድርሻ በየዓመቱ የሚከፍል ከሆነ፣ መታገሡ ሊያዋጣ ይችላል፤ የትርፍ ድርሻው አክሲዮኑን ሳይሸጡ የሚገኝ ገቢ ነውና። ሰው ሁሉ ሸሽቶት ከሆነ ግን ዋጋው ርካሽ መስሎ መታየቱ ሊያታልል አይገባም። በጥቂት ገንዘብ ዋጋው ሽቅብ ሊወጣ ስለሚችል፣ አስቀድመው ገዝተው በወሬ የሚያስወድዱ ሰዎች የሚመርጡትም እንዲህ ያለውን አክሲዮን ነው።

ከሁሉ የከፋው ሁለቱን መንገዶች ማደባለቅ ነው፦ ቶሎ ልሸጠው ብሎ ገበያው የቀዘቀዘ አክሲዮን የገዛ ሰው፣ ገዢ ሲያጣ ሳያስበው የረጅም ጊዜ ባለአክሲዮን ሆኖ ይቀራል። በአምስት ዓመት ውስጥ ለቤት ወይም ለትምህርት ሊፈለግ የሚችል ገንዘብ ገበያው የቀዘቀዘ አክሲዮን ውስጥ መግባት የለበትም፤ የገባውም ቢሆን ከሚፈለግበት ቀን ከብዙ ወራት በፊት በዋጋ ገደብ በጥቂት በጥቂቱ መሸጥ መጀመር አለበት።