«4 ኢንች ከሆነ ይገጥማል» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ

ፍላንጅ (ዙሪያውን የብሎን ቀዳዳ ያለው የቧንቧ መጋጠሚያ ቀለበት) ያለው ቫልቭ ወይም ፓምፕ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ሻጩ «የእናንተም 4 ኢንች፣ ይሄም 4 ኢንች፤ ምን ችግር አለው?» ይላችኋል። ችግር አለው። ኢንቹ የሚናገረው ስለ ቧንቧው ስፋት ብቻ ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹ የት እንደሚያርፉ የሚወስነው ፍላንጁ የተሠራበት ስታንዳርድ ነው።

በ4 ኢንች የአሜሪካው ክላስ 150፣ የአውሮፓው ፒኤን 16 እና የጃፓኑ 10ኬ (በየስታንዳርዱ ያሉ የግፊት ደረጃዎች ስም ነው) ሦስቱም 8 ቀዳዳ ስላላቸው በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት ግን በአሜሪካው 190.5፣ በአውሮፓው 180፣ በጃፓኑ 175 ሚሊሜትር ነው። አይገጥምም። በ3 ኢንች ደግሞ የአሜሪካው 4 ቀዳዳ፣ የሌሎቹ 8 ስለሆነ ስህተቱ ቢያንስ እዚያው ሱቅ ውስጥ ይታያል።

እኔን የሚያሰጋኝ 6 ኢንቹ ነው። የአሜሪካው ክብ 241.3፣ የሌሎቹ 240፤ ሁሉም 8 ቀዳዳ። ብሎኑ ይገባል፣ ዳዶው ይጠብቃል፣ ሻጩም «አላልኳችሁም?» ይላል። ብሎን መግባቱ ግን መጋጠሚያው ግፊት ይችላል ማለት አይደለም። የፍላንጁ ውፍረትና የፊቱ (ከሌላው ፍላንጅ ጋር የሚገናኘው ገጽ) ቅርጽ ይለያያል፤ የአንዱ ጋስኬት (በፍላንጆቹ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) በሌላው ብሎኖች መካከል መሃሉን ስቶ ሊቀመጥ ይችላል። ከሁሉ የከፋው የፊቱ መሃል ከፍ ያለ የብረት ፍላንጅን ፊቱ ጠፍጣፋ ከሆነ የካስት አይረን (ቀልጦ የተቀዳ፣ ተሰባሪ ብረት) ፓምፕ ጋር ማሰር ነው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ የፓምፑ ጠርዝ ክፍተቱ ላይ ይጎብጥና ሊሰነጠቅ ይችላል። በቁጥሩም አትታለሉ። ክላስ 150 የሚባለው ተራ የካርበን ብረት ፍላንጅ በቀዝቃዛ ውሃ ሙቀት 19.6 ባር (የግፊት መለኪያ) ያህል ይችላል፣ ፒኤን 16 ግን 16 ባር። ሁለቱ ሲጋጠሙ ገደቡ የደካማው ነው።

«ቀዳዳውን ትንሽ እናሰፋዋለን» ካሏችሁ እምቢ በሉ። በሞላላ ቀዳዳ ላይ ዳዶው የሚያርፍበት ብረት ያንሳል፣ ብሎኑም ይጋደማል። ደግሞስ አንዴ የተነካካ ዕቃ ማን መልሶ ይቀበላችኋል?

ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከአንዱ ቀዳዳ ውስጠኛ ጠርዝ እስከ ትይዩው ቀዳዳ ውጨኛ ጠርዝ ስትለኩ የክቡን ስፋት ታገኛላችሁ። ጠርዙ ላይ የተመታውን ምልክት አንብቡ፤ ስታንዳርዱም ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። የተለያየውን ገዝታችሁ ከሆነ፣ በአንድ ጫፉ የአንዱ፣ በሌላው ጫፉ የሌላው ፍላንጅ የተበየደበት አጭር ቧንቧ በጥሩ በያጅ አሠሩና ሥራ ላይ ሳይውል በግፊት አስፈትሹት።